ዛምቢያን የዘለለው ጽሑፍ፦ ስለ ሀብትና ጦርነት ከወሎ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። የአፍሪካን ጦርነቶችና የተፈጥሮ ሀብትን የሚመለከት ነው። የጸሐፊውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከጽሑፉ ጋር እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም። የወሎ ልጅ መሆኑን ራሱ ስለነገረን ግን ወንድማችን እያልኩ ልቀጥል።

ጽሑፉ ሲጨመቅ ይህን ይላል። አፍሪካ ከቅኝ ግዛት ከተላቀቀች ወዲህ የተነሳው ጦርነት ሁሉ ሥሩ ቢቆፈር ማዕድን ወይም ነዳጅ ይገኝበታል። ድንበሮቹም የተሰመሩት ሀብቱን ተከትለው ነው። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ሥልጣን የሚባለው ነገር ሽፋን ነው። ከጀርባ ሁሌም የውጭ እጅ አለ። ቀጣዩ ጦርነት የውሃ ነው፣ እሱም አይቀርም። ስለዚህ ወሎ ከሌሎች ትማር፤ ኦፓል የሚባለው የደላንታ የከበረ ድንጋይ «ሰላም እስኪመጣ መሬት ውስጥ ይቀመጥ»።

ጽሑፉ ደህና ተደርጎ ተጽፏል። ሰው የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን የመጨረሻዋ ምክር እንጀራ የምታሳጣው ሰው አለ። ወደ እሷ ያደረሱት ነጥቦች ደግሞ አንድ በአንድ ሲፈተሹ ብዙዎቹ አይቆሙም።

ከጠንካራው ምሳሌው ልጀምር፣ ከኮንጎዋ ክፍለ ሀገር ከካታንጋ። ኮንጎ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 ነጻ ወጣች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 11፣ የክፍለ ሀገሯ መሪ ሞይስ ቾምቤ ካታንጋ ተገንጥላለች ብሎ አወጀ። ካታንጋ ማለት መዳብ ነው፣ ኮባልት ነው፣ ዩራኒየም ነው። ሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ ዩራኒየሙ በአብዛኛው የተገኘው እዚያው ሺንኮሎብዌ ከሚባል ጉድጓድ ነው። ዩኒዮን ሚኒዬር የተባለው የቤልጂግ ኩባንያ ግብሩን ለማዕከላዊው መንግሥት መክፈሉን ትቶ ለቾምቤ ገቢ አደረገ። የቤልጂግ ወታደርም ከጎኑ ቆመ። ነገሩ ያበቃው በጃንዋሪ 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጦር ነው። የኛው ጠቅል ብርጌድም እዚያ ነበር፤ «የኮንጎ ዘማች» ሲባሉ የምንሰማቸው አባቶች የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ወንድማችን ልክ ነው። መዳቡ ባይኖር የቾምቤ መንግሥት አንድ ወር አይቆምም ነበር።

ቢሆንም ካታንጋም ውስጥ ቢሆን ማዕድኑ ብቻውን አልሠራም። ኩባንያው ለሥራ ብሎ ካሳይ ከሚባለው ሌላ የኮንጎ ክፍለ ሀገር ብዙ ሠራተኛ አምጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የከተማ ምርጫ ሲደረግ እነዚህ «መጤ» የተባሉት ሰዎች አሸነፉ። የአገሬው ተወላጅ ነን የሚሉት ተቆጡ። ኮናካት የሚባለው የቾምቤ ፓርቲ በቀጣዩ ዓመት የተመሠረተው በዚያ ቁጣ ላይ ነው። ማዕድኑ ሰው አመጣ፣ የመጣው ሰው ምርጫ አሸነፈ፣ ያኔ «ይህ አገር የማን ነው?» ተባለ። ይህችን ክፍል ጽሑፉ ዘሏታል።

አሁን ካርታ እናውጣና ከካታንጋ ድንበር ወደ ደቡብ እንሻገር። ዛምቢያ እንገባለን። መዳቡ ያው መዳብ ነው፤ መሬቱ ድንበር መኖሩን አያውቅም፣ ማዕድኑ ከወዲህም ከወዲያም አንድ ላይ የተዘረጋ ነው። ዛምቢያም ቅኝ ተገዝታለች። እዚያም ከ70 በላይ ብሔረሰብ አለ። እዚያም ማዕድኑን የያዙት የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ነጻ ወጣች። በ1970ዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ አገሪቱ ተንኮታኮተች፣ ሕዝቡም ደኸየ። የእርስ በርስ ጦርነት ግን አልገባችም። በ1991 ኬኔት ካውንዳ በምርጫ ተሸነፉ፣ ወንበሩን አስረክበው ወጡ። ከካታንጋ ጋር አንድ ሀብት፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት የተለያየ ታሪክ።

ዛምቢያ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜም አልተጠቀሰችም። ቦትስዋናም አልተጠቀሰችም። ቦትስዋና ነጻ የወጣችው በ1966 ነው፤ በዓመቱ ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘ። መንግሥት ከዲ ቢርስ ኩባንያ ጋር ተደራድሮ ኋላ ላይ ድርሻውን እኩል ለእኩል አደረሰ። ትምህርት ቤትና መንገድ ተሠራበት። ጥይት አልተተኮሰበትም።

ወንድማችን የቆጠረው የተዋጉትን አገሮች ብቻ ነው። ደሴ ሆስፒታል ገብቶ የተኙትን በሽተኞች «ቡና ትጠጣላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም አዎ ይሉታል። ከዚያ ወጥቶ ቡና ያሳምማል ብሎ ቢጽፍ ማን ያምነዋል? ከሆስፒታሉ ውጭ ረከቦት ከቦ የተቀመጠውን ጤነኛ ሰውም መጠየቅ ነበረበት።

በተገላቢጦሽ ደግሞ ሀብት የሌለበት ጦርነት ሞልቷል። ባድመ ላይ ነዳጅ አልነበረም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር የሁለት አገር ወጣት አለቀባት። ወሎ ይህን ጦርነት በሌላ በኩልም ታውቀዋለች። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አሰብ የሚያወርደው መንገድ እንጀራችን ነበር። ወደቡ ሲዘጋ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ መንገድ ዳር ምግብ ቤት የከፈተችውም ሴት ከሥራ ወጡ። ወደቡን ያሳጣን ጦርነት እንጂ ጦርነቱን ያመጣው ወደቡ ነው የሚል ማስረጃ እኔ አላየሁም።

ኦጋዴንም እንዲሁ። ጽሑፉ «የ1969 ዓ.ም.ቱ የሶማሊያ ወረራ የካሉብ ጋዝ ጦርነት ነበር» ይላል። የሶማሊያን ባንዲራ ይመልከት። መሐሉ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ አምስቱ ሶማሌዎች ይኖሩባቸዋል የተባሉት አምስት ግዛቶች ናቸው፣ አንዱ ኦጋዴን ነው። ያ ባንዲራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያኔ የካሉብን ጋዝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥቡ ድንበር ነው። «ቅኝ ገዢዎች መስመሩን ያሰመሩት በማዕድኑ ልክ ነው» ይላል። ካታንጋን በተመለከተ ትንሽ እውነት አለው። የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድና ሴሲል ሮድስ በ1890 እና 1891 ለዚያ መሬት ተሽቀዳድመዋል፣ የመዳቡን ወሬም ሰምተዋል። ሌላው ቦታ ግን አያስኬድም። እንግሊዞች ሰሜንና ደቡብ ናይጄሪያን አንድ ያደረጉት በ1914 ነው፤ ኦሎይቢሪ ላይ ነዳጅ የተገኘው በ1956 ነው። ሱዳን ነጻ የወጣችው በ1956 ነው፤ ሼቭሮን የተባለው ኩባንያ በደቡቡ፣ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ያገኘው በ1978 ነው። ቦትስዋናን ከላይ አይተናል። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች አብዛኞቹ ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቁም ነበር።

ይልቅ በማዕድን ልክ ድንበር ማስመር የተጀመረው ከነጻነት በኋላ ነው፣ በራሳችን መሪዎች። የሱዳኑ ጃዕፈር ኒሜሪ ነዳጁ ሲገኝ በ1980 የደቡቡን የክልል ወሰን አስተካክሎ የነዳጁን ቦታ ወደ ሰሜን ለማዞር ሞከረ። ደቡቦቹ ጮኹ። ያ ሲከሽፍ አካባቢውን ለብቻው ነጥሎ አዲስ ክፍለ ሀገር አደረገው። ማጣሪያውም ቤንቲዩ ይሠራ ሲባል ወደ ሰሜን፣ ኮስቲ ላይ ይሁን አለ። በ1983 ጭራሽ ለደቡቡ የራስ አስተዳደር የሰጠውን የ1972ቱን የአዲስ አበባ ስምምነት አፍርሶ ሸሪዓን አወጀ፤ ጦርነቱም በዚያው ዓመት ፈነዳ። እዚህ ውስጥ ነዳጅ አለ? በደንብ አለ። ነገር ግን ሰውን ጫካ ያስገባው የተፈረመ ውል መቀደዱ ነው።

በዚያው «የውጭ እጅ» ለምትለው ነጥብም መልስ ሰጠሁ። የውጭ እጅ የለም አልልም። ቾምቤን ቤልጂግ፣ የሴራሊዮኑን አማጺ የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር ደግፈዋል፤ ቴይለር በ2012 በፍርድ ቤት 50 ዓመት የተፈረደበት በዚሁ ነው። የኒሜሪን ብዕር የያዘው እጅ ግን የኒሜሪ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጠበቅ ልበል። «ቅሬታ የሚባለው ሽፋን ነው፣ ቢያፍራን ተመልከቱ፣ የነዳጅ ጦርነት ነበር» ይላል።

እሺ፣ ከናይጄሪያ ልትገነጠል የሞከረችውን የምሥራቋን ቢያፍራ እንመልከት፣ በቅደም ተከተል። ጃንዋሪ 1966 ናይጄሪያ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ ከመሪዎቹ ብዙዎቹ የምሥራቁ ብሔር ተወላጆች፣ ኢግቦ ነበሩ፣ ከተገደሉት ብዙዎቹ ደግሞ የሰሜን ሰዎች። ጁላይ ላይ የበቀል መፈንቅለ መንግሥት ተከተለ። በዚያው ዓመት በሰሜን ከተሞች ኢግቦዎች በሺዎች ተጨፈጨፉ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ምሥራቅ ሸሸ። ጃንዋሪ 1967 ጋና፣ አቡሪ ላይ ተደራደሩ፤ ከስብሰባው ሲመለሱ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበትን በየራሳቸው ተረጎሙት። ሜይ 27 የናይጄሪያው ወታደራዊ መሪ ጎዎን አገሪቱን በ12 ክልል ከፋፈለ። በሦስተኛው ቀን የምሥራቁ አስተዳዳሪ ኦጁኩ ቢያፍራን አወጀ።

ነዳጁ የት ገባ? እዚያው 12 ክልል ላይ። አከፋፈሉ የነዳጁን አካባቢ ከኢግቦዎቹ ክልል ለይቶ አወጣው። ከአዋጁ በኋላም የነዳጅ ኩባንያው ሼል ቢፒ ግብሩን ለማን ይክፈል የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። ወዲያውም ጁላይ ላይ ተኩስ ተጀመረ። እንግዲህ ነዳጁ ጦርነቱ ውስጥ አለበት፣ ከባድ ድርሻም አለው። የያኔዋን ዋና ከተማ ሌጎስን «አንለቅም» ያሰኛት፣ ኦጁኩን «እንችላለን» ያሰኘው እሱ ነው። ነገር ግን ዘመዱ በሰሜኗ ካኖ ከተማ ተገድሎበት ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ የመጣን ሰው «ቅሬታህ ሽፋን ነው» ማለት ደፋርነት ነው። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1968 ሁለቱን ወገኖች አዲስ አበባ አምጥተው ሲያደራድሩ ስለ ነዳጅ ድርሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥር ተከራክሮ መጨረስ ይቻል ነበር። ንግግሩ የተሰበረው ቢያፍራዎቹ ነፍሳችንን ማን ይጠብቃል በሚሉት ጉዳይ ላይ ነው። ነዳጅ ይካፈሉታል። ነፍስን ግን እንዴት ይካፈሉታል?

ይህ «ስስት ነው ወይስ ቅሬታ?» የሚለው ክርክር የምሁራንም ክርክር ነው። ፖል ኮሊየርና አንኬ ሆፍለር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ጥሬ ዕቃ በመላክ የሚኖሩ አገሮች ለእርስ በርስ ጦርነት የበለጠ ይጋለጣሉ ብለው ነበር። ወንድማችን ስማቸውን ሳይጠራ ሐሳባቸውን ወስዷል። ያልነገረን ከእነሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያንኑ አኃዝ ደግመው ሲያዩት ግንኙነቱ እንደተባለው ጠንካራ ሆኖ አለማግኘታቸውን ነው። የጸናው በአብዛኛው ነዳጅ ላይ ነው።

እኔ ሀብት ከጦርነት ጋር ግንኙነት የለውም እያልኩ አይደለም። ግንኙነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሀብት ጦርነትን ያስረዝማል። አንጎላን እንይ። ጦርነቱ በ1975 ሲጀመር ጥያቄው ማን ይግዛ ነበር። ዩኒታ ለተባለው የአማጺ ድርጅት ገንዘብና መሣሪያ የሚሰጡት አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ያ ገንዘብ ደረቀ። ጦርነቱ ግን አልቆመም፤ የዩኒታው መሪ ጆናስ ሳቪምቢ ፊቱን ወደ አልማዝ አዞረ። መንግሥት በነዳጅ፣ አማጺው በአልማዝ፣ እስከ 2002 ድረስ ሳቪምቢ እስኪሞት ተዋጉ። አልማዙ ጦርነቱን አልወለደውም፣ ተቀልቦ እንዲያድግ ግን አደረገው። ሴራሊዮንም ከ1991 እስከ 2002 ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ወንድማችን ኬፕታውን ድረስ ሲሄድ የገዛ ቤቱን ምሳሌ መርሳቱ ነው የቆጨኝ። አውሳ ድሮ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረች። የታችኛው አዋሽ ዳር ሣር ለአፋር ከብት የበጋ መድኅን ነበር። ዝናብ ሲጠፋ፣ ቆላው ሲነድ፣ ወደ ወንዙ መውረድ ነው። ማን መቼ እንደሚወርድ በጎሳ በጎሳ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን መንግሥት ከሚቸል ኮትስ ከተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ሆኖ ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። ሌሎች እርሻዎችም ተከተሉ። ምርጡ የወንዝ ዳር መሬት ጥጥ ለበሰ። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህም የራሳቸው ጥጥ ነበራቸውና ነገሩን «አፋርና መንግሥት» ብቻ ብሎ መጨረስ አይቻልም፤ ከአፋርም የተጠቀመ አለ። የተጎዳው ከብት ብቻ ያለው ሰው ነው።

ከዚያ የ1965 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ከብቱ ወደ ወንዝ ሲወርድ የሚያገኘው ጥጥ ሆነ። አፋሩ ቀድሞ አለቀ። ደገኛውም ተከተለ፤ የራያ፣ የየጁ፣ የአምባሰል ገበሬ አስፋልት ዳር ወጥቶ መኪና ለመነ። በኋላ አማርትያ ሰን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የዚያን ዘመን የደሴን የእህል ዋጋ ሲመረምር ሰውን የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ። ዋጋው ብዙም አልናረም ነበር። ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ለምን ቢባል የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲጠፋበት የሚገዛበት ብርም አብሮ ጠፋበት። ገዢ የሌለበት ገበያ ደግሞ እህል አያመጣም፣ ያለውንም ያሸሻል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬት ሲወርስ የአውሳ እርሻም ተወረሰ። ከሱልጣኑ ጋር ተኩስ ተከፈተ፣ እሳቸው ወደ ጅቡቲ ወጡ፣ የአፋር ነጻ አውጪ ግንባር ጫካ ገባ። ይኸው ሀብትን የተመለከተ ግጭት፣ ከባቲ በታች። ግን ምን እንዳመጣው ልብ በሉ። ሣሩ ለዘመናት እዚያው ነበር። ወንዙም አልተነቃነቀም። የተለወጠው የሚወስነው ሰው ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ለኩባንያ ተፈረመ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ በአዋጅ ተወረሰ። ሁለቱም ጊዜ አዋሽ ዳር የሚያድረውን ሰው የጠየቀው የለም።

ይህን ከባቲ ሰኞ ገበያ ጋር አስተያዩት። አፋሩ ግመልና ፍየል፣ አሞሌ ጨው ሳይቀር ይዞ ይወጣል። ደገኛው ጤፍና ማሽላ ይዞ ይወርዳል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው መሐል ላይ ነው። በግጦሽና በውሃ ጸብ ሲነሳ፣ ደምም ሲፈስ፣ አበጋሮችና ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ይፈቱታል። ሁሌ ይሳካል አልልም። በቅርብ ዓመታት ክላሽ በየቤቱ ሲገባ ሽማግሌው አቅም አንሶታል። ሆኖም ሀብት ባለበት ሁሉ ጦርነት አይቀሬ ቢሆን ኖሮ ባቲ ላይ ገበያ አይቆምም ነበር።

ውሃ ላይ አጠር ላድርግ፣ ብዙ ተብሎበታል። ወሎ ላይ የዘነበ ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። ከኩታበር በስተ ምዕራብ የሚነሳው በሽሎ አባይ ገብቶ ሜድትራንያን ይደርሳል። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያልፈው ቦርከና አዋሽ ገብቶ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። ከላስታ የሚነሳው ተከዜ ደግሞ አትባራ ሆኖ ናይልን ይገናኛል። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ሲፈራረሙ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ብለው ተካፈሉ። ኢትዮጵያ አልተጠራችም። ወንድማችን ይህን አስታውሶ «ጦርነቱ አይቀርም» ይላል። የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። በመሐል ስንት ዛቻ ሰማን። ጦርነት ግን አልሆነም። ይልቅ የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ስምምነት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሥራ ላይ ዋለ፤ ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም፣ ቢሆንም ጸና። በናይል ውሃ ስም ጥይት የተተኮሰበትን ቦታ ከፈለገ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ላይ የተጀመረው የጆንግሌይ ቦይ ነው። ከ360 ኪሎ ሜትሩ 240 ያህሉ ተቆፍሮ ሳለ የደቡብ ሱዳን አማጺዎች አስቆሙት። እሱም የሁለት አገር ጦርነት ሳይሆን «ረግረጋችንን ሳትጠይቁን አታድርቁ» የሚል የአገሬው ሰው ቁጣ ነበረበት።

አሁን ወደ ደላንታ።

መጀመሪያ አንዲት ታሪክ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስን ፍለጋ ሲመጡ የደላንታን ሜዳ አቋርጠው፣ በሽሎን ተሻግረው ነው መቅደላ የደረሱት። ሲመለሱ የብራና መጻሕፍቱንና ዘውዱን ጭነው ሄዱ። በእግራቸው የረገጡት ገደል ወገቡ ላይ ኦፓል እንዳለ አላወቁም። የመጡት ለታሰሩ ሰዎቻቸውና ለክብራቸው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስም ደላንታ አልቀረላትም። ለኦፓል ሲል የመጣ ግን አልነበረም። ጸቡ የሥልጣን ነበር። ኮምቦልቻ የተፈለገችው የአዲስ አበባው፣ የመቀሌውና የጅቡቲው መንገድ ስለሚገናኝባት ነው። ደላንታ ሁለቱንም ጊዜ ጦርነት ያየችው ለድንጋይዋ ብሎ የመጣ ሳይኖር ነው።

ድንጋዩ ራሱ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ ወገል ጤና አካባቢ። የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ በምትሄድ አንዲት ቀጭን የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ውስጥ ነው። ልጆቹ በማህበር ተደራጅተው፣ ገደሉን ይዘው ወደ ጎን እየቆፈሩ ይገባሉ። መሣሪያው ዶማ፣ መሮና መዶሻ ነው። ብርሃኑ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት ብዙ ጊዜ የለም። በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተንዶ ወጣቶች ውስጥ እንደቀሩ ሁላችንም ሰምተናል።

ሲወጣ ደግሞ ሌላ ትግል አለ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል። ስትነክረው ቀለሙ ይጠፋና ከወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ሲደርቅ ቀይና አረንጓዴው ተመልሶ ይመጣል። ደላላው ድንጋዩን ያገላብጣል፣ በምራቁ ያረጥባል፣ ፀሐይ ላይ ያዞረዋል። «ይሰነጠቃል ይሄ» ይላል። ቆፋሪው ምን ይመልስ? ድንጋዩ ሕንድ፣ ጃይፑር ደርሶ ተቆርጦና ተወልውሎ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለእንጀራው ይሸጣል።

ወንድማችን «ይቀመጥ» ያለው ይህንን ነው። ይህ ምክር ተሞክሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 የኮንጎው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ካቢላ አማጺ ገንዘብ እንዳያገኝ ብለው በምሥራቁ ማዕድን ማውጣትን አገዱ። ለወራት ቆየ። በአካፋ የሚኖረው ሰው ሥራ ፈታ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አጣ። መሣሪያ የታጠቀው ግን ቁፋሮውን በጓሮ ቀጠለ፤ ከራሱ ከመንግሥት ጦር አዛዦች ሳይቀሩ ገብተውበታል። የታገደ ማዕድን መሬት ውስጥ አልተቀመጠም። ወደ ባለ ጠመንጃው ነው የዞረው። ደላንታም ቢታገድ ሌሊት ይቆፈራል፣ ያለ ማህበር፣ ያለ ደረሰኝ፣ ዋሻ ሲናድ «ማን ነበር ውስጥ?» ብሎ የሚጠራ ስም ዝርዝር ሳይኖር።

ወንድማችን ክፍል ሁለት እጽፋለሁ ብሎናል። ይጻፍልን። ሲጽፍ ግን አንጎላና ካታንጋን ትንሽ ያቆያቸውና ወገል ጤና ወርዶ ይጠይቅ። አንድ ኪሎ ጥሬ ኦፓል ሲሸጥ ከብሩ ለቆፋሪው ስንት፣ ለደላላው ስንት፣ ለላኪው ስንት፣ ለወረዳው ስንት ይደርሳል? የአንዱ ማህበር ዋሻ ከሌላው ዋሻ ጋር ከውስጥ ሲገናኝ ዳኛው ማን ነው? የድጋፉን እንጨት ማን ይግዛ? የጃይፑርን ዋጋ ወረዳው በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፈው ምን ይከለክለዋል?